ከአቶም ቦምብ ወደ ነቀርሳ ሕክምና፦ የሮበርት ዊልሰን ሕይወት

በዚህ እትም የማስተዋውቃችሁ ሰው ሐበሻ አይደለም፤ ፌርፋክስ ላይ ስሙን የሚያነሳ ሰውም አጋጥሞኝ አያውቅም። ነገር ግን ከኛ ሰፈር ወደ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው ሎማ ሊንዳ ሆስፒታል በፕሮቶን የሚታከም ሁሉ የሱ ባለዕዳ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሮበርት ዊልሰን በ1914 በዋዮሚንግ ግዛት ፍሮንቲየር በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ከብት በሚረባበት አገር ብረት መቀጥቀጥ እየተማረ አደገ። በ1932 በርክሌይ ገብቶ ሳይክሎትሮንን በፈለሰፈው በኧርነስት ሎውረንስ ሥር ተማረ። ሎውረንስ ሁለቴ አባሮታል፤ አንዴ የማሽኑን የጎማ ማሸጊያ ስለጣለ፣ ሌላ ጊዜ ውድ ፒንሳ ሲበይድ ስላቀለጠ። ዘንድሮ ፈተና የከበዳችሁ በዚህ ተጽናኑ።

በ1943 ሎስ አላሞስ ሄዶ አቶም ቦምቡን ከሠሩት አንዱ ሆነ። የገባበት ሂትለር ይቀድመናል በሚል ስጋት ነበር። ጀርመን በ1945 እጅ ስትሰጥ ግን ሥራው አልቆመም፤ እሱም ትቶ አልሄደም። ሂሮሺማና ናጋሳኪ ከጋዩ በኋላ ይህ ጸጸት አብሮት ኖሯል።

ጦርነቱ እንዳበቃ ለሃርቫርድ አዲስ ሳይክሎትሮን ሲነድፍ ፕሮቶን ምን ያህል ርቀት እንደሚዘልቅ አሰላ። የራጅ ጨረር በሰውነት ውስጥ ያልፋል፤ በመንገዱ ያለውን ጤነኛ ሥጋ እየነካ በወዲያ በኩል ይወጣል። ፕሮቶን ግን ሲገባ ጥቂት ጉልበት ብቻ ይጥላል፤ ሊቆም ሲል የቀረውን ባንድ ቦታ አራግፎ እዚያው ይቀራል። ዊልሰን ይህ ጠባይ ለነቀርሳ እንደሚበጅ ገባውና በ1946፣ በ32 ዓመቱ፣ በሐኪሞች መጽሔት ላይ ጻፈው። የመጀመሪያው ሕመምተኛ በርክሌይ የታከመው በ1954 ነው።

ይሁንና የፕሮቶን ጥንካሬ ድክመቱም ነው። የሳንባ ዕጢ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ከፍ ዝቅ ይላል፤ አንዳንዴ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ። ፕሮቶን የት እንደሚቆም የሚወስነው በመንገዱ ያለው ነገር ስለሆነ፣ አየር በነበረበት አጥንት ሲመጣ ጨረሩ አጥሮ ይቀራል፤ ሲገላበጥ ደግሞ ዕጢውን አልፎ ጤነኛውን ይመታል። ጨረሩ ዕጢውን ነጥብ በነጥብ የሚቀባ ከሆነም፣ ዕጢው በመሀል ከተንቀሳቀሰ አንዱ ቦታ ሁለቴ ይመታል፣ ሌላው ይዘለላል።

ዊልሰን ሲጽፍ ሲቲ ስካን እንኳ አልነበረም። ዛሬ ሲቲው ትንፋሽን እየተከተለ ያነሳል፤ ማሽኑ ዕጢው ወደ ቦታው ሲመለስ ብቻ ጨረር ይለቃል፤ ወይም ዕጢውን በስሱ ደጋግሞ ይቀባዋል። አንዳንዴም ሕመምተኛው ትንፋሹን እንዲይዝ ይጠየቃል።

እኔን እንደ ነርሲንግ ተማሪ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ የመጨረሻው ነው። ያ ሁሉ ማሽን በአንዲት እናት ትንፋሽ ላይ ይንጠለጠላል። እናቶቻችን ደግሞ እንግሊዝኛው ሳይገባቸው በይሉኝታ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። መቼ መተንፈስ፣ መቼ መያዝ እንዳለባቸው ካልገባቸው ጨረሩ የታሰበበት ቦታ ላይደርስ ይችላል።

ዊልሰን በ1967 የፌርሚላብ የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆነ። በ1990 ሥራ የጀመረው የሎማ ሊንዳ ማሽን የተሠራውም እዚያው ፌርሚላብ ነው። በ2000 በ85 ዓመቱ አረፈ።

ፕሮቶን ለሁሉም ነቀርሳ አይሆንም፤ ያንን ሐኪሙ ይወስን። የኛ ድርሻ ቀላል ነው። ቤተሰባችሁ ውስጥ ለጨረር ሕክምና የሚቀጠር ሰው ካለ አብራችሁ ሂዱ፤ ሆስፒታሉንም የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ከቀጠሮው በፊትም ትንፋሽ አያያዙን ቤት ውስጥ፣ በአማርኛ፣ አብራችሁ ተለማመዱ።