የዘር ሊቁ ኒኮላይ ቫቪሎቭ

በጁባ ከተማ በጀበል ገበያ የሚያልፍ ሰው፥ ማሽላ እየተሰፈረ ሲሸጥ ያያል። ያገሩ ሰው ዱራ ብሎ የሚጠራው ይህ እህል ተፈጭቶና ቦክቶ በምጣድ ላይ ሲጋገር ኪስራ ይባላል፤ ለእንጀራችንም የቅርብ ዘመድ ይመስላል። ከቁፋሮ የተገኘው ማስረጃ እንደሚያመለክተው የማሽላ እርሻ ከ5000 ዓመት በፊት ገደማ በምሥራቅ ሱዳን ምድር ተጀምሮ ነበረ። ስሙ ያልተጻፈው ገበሬ በየመከሩ የተሻለውን ዛላ እየመረጠ ለዘር ባያስቀምጥ ኖሮ፥ ያ የዱር ሣር ዛሬ በገበያ የምናየውን እህል ባልሆነም ነበር።

መምህር ከተማሪዎቹ ስለ ዘር ሁለት ጥያቄ ይቀርብለታል። አንደኛው፥ በሽታ ከወላጅ ወደ ልጅ በዘር ይተላለፋልን የሚል ነው። ሁለተኛው፥ በቤተ ሙከራ ዘረ መሉ የተለወጠውን እህል መብላት ይጎዳልን የሚል ነው። ሁለቱም ከአንድ ምንጭ፥ ይኸውም ከዘር ውርስ ትምህርት የሚቀዱ ናቸው። ለዚህ ትምህርት ሲል ሕይወቱን ያጣ፥ ያገራችንንም ደጋና ቆላ በበቅሎ ጕዞ ያየ አንድ ሊቅ ነበረና ታሪኩን በአጭሩ እንጽፋለን። ዓመታቱን የምንቈጥረው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ በ1887 ዓ.ም. በሞስኮ ከተማ ተወለደ። አባቱ ከገበሬ ቤት ወጥቶ በንግድ የከበረ ሰው ነበረ። ታናሽ ወንድሙ ሰርጌይም ወደ ፊት በፊዚክስ ትምህርት ስመ ጥር ለመሆን የበቃ ነው። ኒኮላይ በሞስኮ የእርሻ ትምህርት ቤት ተምሮ ከጨረሰ በኋላ፥ አንዱ የስንዴ ዓይነት በዋግ ሲመታ ሌላው በአጠገቡ ሳይነካ የሚቀርበትን ምክንያት ለማወቅ ተነሣ።

ይህ አሳብ በ1913 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አገር ወደ ዊልያም ቤትሰን ወሰደው። ቤትሰን፥ መነኵሴው ግሬጎር ሜንዴል በአተር ላይ ሞክሮ በ1866 ዓ.ም. ያሳተመውንና ለ34 ዓመት ተረስቶ የቈየውን የውርስ ሕግ ለእንግሊዞች ያስተዋወቀ ሊቅ ነበረ። ሐኪሙ አርቺባልድ ጋሮድም በ1902 ዓ.ም. ሽንትን የሚያጠቍር አንድ በሽታ በሰው ዘር ውስጥ የሚተላለፈው በሜንዴል ሕግ መሆኑን የጻፈው በዚሁ በቤትሰን ምክር ነው። ስለዚህ ወጣቱ ቫቪሎቭ ገና ከመነሻው፥ ለአተርና ለስንዴ የሚሠራው ሕግ ለሰው ደዌም የሚሠራ መሆኑን በሚያውቁ ሰዎች መካከል ተማረ።

ወዳገሩ ተመልሶ በሳራቶቭ ከተማ አስተማሪ ሆነ። በ1921 ዓ.ም. በቮልጋ ወንዝ ዳርቻ የወደቀው ረኃብ እጅግ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። በዚያው ዓመት ቫቪሎቭ በኋላ ሌኒንግራድ በተባለችው ከተማ የዕፀዋት ምርምር ቤት አለቃ ሆኖ ተሾመ። ከዚያ ወዲያ የሕይወቱ ዓላማ ይህ ሆነ፤ በዓለም ላይ ያለውን የአዝርዕት ዓይነት ሁሉ ሰብስቦ፥ ድርቅን የሚችለውን፥ ብርድን የሚታገሠውንና ዋግን የሚቋቋመውን ለይቶ፥ እርስ በርሱ እያዳቀለ ረኃብን ማስወገድ። በአምስት አህጉር ያሉ አገሮችን ዞረ፤ ጓደኞቹንም ላከ። በ1940 ዓ.ም. በሌኒንግራድ የተከማቸው የዘር ናሙና ወደ 250,000 ይጠጋ ነበር።

በ1927 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በአዲስ አበባ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ተቀብለው አነጋገሩት፤ በአገሩ ውስጥ እንዲዘዋወርም ፈቀዱለት። ከዚያም በቅሎ ጭኖ ወደ ሰሜን አቀና፤ በየመንደሩ ከገበሬው ማሳና ጐተራ ዘር እየለመነ እስከ ኤርትራ ድረስ ዘለቀ። በአንድ ማሳ ውስጥ ብዙ ዓይነት ስንዴና ገብስ ተቀላቅሎ ማየቱ አስደነቀው። ለመኮሮኒ የሚሆነው ጠንካራው ስንዴ በሌላው አገር በዛላው ጫፍ እንደ ጺም ያለ ሹል ያወጣል፤ እሱ ግን ጺም የሌለውን በደጋችን አገኘ። ኢትዮጵያንም ከዓለም የአዝርዕት መፍለቂያዎች እንደ አንዷ አድርጎ ጻፈ።

በዚህ አሳቡ ፈጽሞ አልተሳሳተም ለማለት አይቻልም። የኋላ ምርመራ ስንዴ በመጀመሪያ የለማው በመካከለኛው ምሥራቅ መሆኑን ስላስረዳ፥ ሊቃውንቱ ኢትዮጵያን የስንዴ መነሻ ከማለት ይልቅ የስንዴ ልዩ ልዩ ዓይነት የበዛባት ምድር ይሏታል። የሀብቱ ታላቅነት ግን በሥራ ታይቷል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ አገር የገብስን ቅጠል የሚያቢጭ የቫይረስ በሽታ በተነሣ ጊዜ፥ ብዙ ሺህ ዓይነት ገብስ ተመርምሮ በሽታውን የሚቋቋሙት ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር መጠን ከኢትዮጵያ የተወሰዱት ሆነው ተገኙ።

ቫቪሎቭ በክብር ላይ ሳለ ትሮፊም ሊሴንኮ የሚባል ሰው ተነሣ። ሊሴንኮ የሜንዴልን ሕግ ሐሰት ነው አለ፤ የእህል ባሕርይ በአያያዝ ብቻ በአጭር ጊዜ ይለወጣል እያለም ፈጣን መከር ተስፋ ሰጠ። ለአንድ ዘር ማሻሻያ ብዙ ዓመት የሚጠይቀው ቫቪሎቭ እንደ ሰነፍ ተቈጠረ፤ ስታሊን ወደ ሊሴንኮ አደላ።

ጕዳቱ በእርሻ ብቻ አላበቃም። በሞስኮ ሰሎሞን ሌቪት የተባለ ሐኪም መንትያ ልጆችንና በዘር የሚተላለፉ በሽታዎችን የሚያጠና ቤት አቋቍሞ ነበር። ያ ምርምር ከናዚዎች የዘር ትምክሕት ጋራ ተቈጥሮ ተወገዘ፤ ሌቪት በ1937 ዓ.ም. ከሥራው ተሻረ፥ በሚከተለውም ዓመት በጥይት ተገደለ። በ1937 ዓ.ም. በሞስኮ ሊደረግ የነበረው የዓለም የዘር ውርስ ሊቃውንት ጉባኤም ቀረ። ጉባኤው በ1939 ዓ.ም. በኤዲንብራ ሲሰበሰብ ቫቪሎቭን ሊቀ መንበር አድርጎ መርጦት ነበር፤ ነገር ግን መንግሥቱ ከአገር እንዳይወጣ ከለከለው።

በነሐሴ 1940 ዓ.ም. በምዕራብ ዩክሬን ዘር ለመሰብሰብ ሄዶ ሳለ ተያዘ። በ1941 ዓ.ም. ሞት ተፈረደበት፤ በኋላም ፍርዱ ወደ 20 ዓመት እስራት ተለወጠለት። በጥር 26 ቀን 1943 ዓ.ም. ቀድሞ ባስተማረባት በሳራቶቭ፥ በወህኒ ቤት ውስጥ ምግብ በማጣት ተጐሳቍሎ ሞተ። ሕዝብን ከረኃብ ለማዳን ዓለምን የዞረው ሰው ራሱን ረኃብ ገደለው።

በዚያው ጊዜ የጀርመን ጦር ሌኒንግራድን ከቦ ነበር። የቫቪሎቭ ጓደኞች በሩዝ፥ በስንዴና በአተር ከረጢት መካከል ተቀምጠው ተራቡ፤ ለዘር የተጠበቀውን ግን አልበሉም። የሩዙ ጠባቂ ዲሚትሪ ኢቫኖቭና የኦቾሎኒው ጠባቂ አሌክሳንደር ሽቹኪን ከሞቱት መካከል ናቸው። ቫቪሎቭ ከበደል ነጻ መሆኑ የታወጀው በ1955 ዓ.ም. ነው። የሊሴንኮ ሥልጣን ፈጽሞ የወደቀው ደግሞ በ1965 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ በእነዚያ ዓመታት በአንድ ታላቅ አገር ስለ ዘር ውርስ እውነቱን ማስተማር ለብዙ ጊዜ የሚያስፈራ ሆኖ ቈይቷል።

አሁን ወደ ሁለቱ ጥያቄዎች እንመለስ። በዘር የሚተላለፍ በሽታ በርግጥ አለ። ቀይ የደም ሕዋስ እንደ ማጭድ የሚቈለመምበት በሽታ በሱዳን ምድር መኖሩ በ1926 ዓ.ም. በሐኪም ጽሑፍ ተመዝግቧል። አባትና እናት ሳይታመሙ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ የተለወጠ ዘረ መል ቢይዙ፥ ከሚወልዱት ልጅ እያንዳንዱ ከአራት አንድ የመታመም ዕድል አለው። ያው አንድ ዘረ መል ብቻውን ሲሆን ከከባድ ወባ ይከላከላል። እንግዲህ እንዲህ ያለው ልጅ ሲወለድ እናቱን መውቀስ ወይም እርግማን ነው ማለት ድንቍርና ነው።

ዘረ መሉ ስለ ተለወጠው እህልም መልሱ በምርመራ ይገኛል። በ1996 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት እንዳስረዳው፥ የብራዚል ለውዝ ከሚባለው ፍሬ ዘረ መል የተጨመረበት አኩሪ አተር ለውዙ የማይስማማቸውን ሰዎች ሊጐዳ የሚችል ሆኖ ተገኘ፤ ለገበያም ሳይወጣ ቀረ። በሌላ በኩል የዓለም ጤና ድርጅት፥ በዓለም ገበያ ያሉት እንዲህ ያሉ ምግቦች የደኅንነት ምርመራ ስላለፉ በሰው ጤና ላይ ጕዳት ያመጣሉ ተብሎ እንደማይገመት፥ ሆኖም እያንዳንዱ ለየብቻው መመርመር እንደሚገባው ገልጿል። ኢትዮጵያም በ2009 ዓ.ም. ስለዚሁ ጉዳይ ሕግ አውጥታ በ2015 ዓ.ም. አሻሽላዋለች። ስለዚህ ሁሉንም መርዝ ነው ብሎ መሸሽና ሁሉንም ያለ ምርመራ መቀበል፥ ሁለቱም ከሊሴንኮ መንገድ አይርቁም፤ ማስረጃው ሳይቀርብ ፍርዱን አስቀድመዋልና። ዘሩን ማን ይይዘዋል፥ ገበሬው ከመከሩ ለከርሞ ማስቀመጥ ይችላልን የሚለው ጥያቄም ከጤናው ተለይቶ ራሱን ችሎ ሊጠየቅ የሚገባው ነው።

ኢትዮጵያ በ1976 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የዘር ማቆያ ማእከል አቋቍማ የገበሬዎቿን አዝርዕት መጠበቅ ጀመረች። ነገር ግን ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ አይጠበቅም። በጀበል የሚያስተምር መምህር አንድ እፍኝ ማሽላ ከገበያ ገዝቶ በክፍሉ ውስጥ ቢዘረጋ፥ ነጩን፥ ቀዩንና ቡናማውን ቅንጣት ልጆቹ ራሳቸው እንዲለዩ ቢያደርግ፥ ከዚያም ምክንያቱን እንዲጠይቁ ቢፈቅድላቸው፥ ቫቪሎቭ የሞተለትን ሥራ ከፍጻሜ ለማድረስ አንድ ርምጃ ተራምዷል።