ካዎ ጦና፦ ታሪካቸውን ሌላው የጻፈላቸው ንጉሥ

ዛሬ ወላይታ ሶዶ በተቆረቆረችበት በዳሞታ ተራራ ዙሪያ እስከ 1887 ዓ.ም. ድረስ የራሱ ንጉሥ፣ የራሱ ሠራዊትና ማርጯ የሚባል የብረት መገበያያ የነበረው መንግሥት ቆሞ ነበር። የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ጦና ናቸው። ካዎ በወላይትኛ ንጉሥ ማለት ነው። የትግሬ ማላ ሥርወ መንግሥት ተወላጅ ሲሆኑ መቀመጫቸው ከሶዶ ብዙም የማይርቀው ዳልቦ ነበር።

ዳግማዊ አጼ ምኒልክ ግዛታቸውን ወደ ደቡብ ሲያሰፉ የጅማው አባ ጅፋር ገብረው ዙፋናቸውን አቆዩ። ካዎ ጦና ግን አልገብርም አሉ። ቀደም ብሎ የተላከውን ጦር ሕዝባቸው መከተ። በመጨረሻ በ1887 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ዘመቱ፤ ራስ ሚካኤልና አባ ጅፋርም አብረው ተሰለፉ። ጦርና ጋሻ ከጠመንጃ ጋር ተጋጠመ። በዘመኑ ከተካሄዱት የደቡብ ዘመቻዎች ሁሉ እጅግ ደም ከፈሰሰባቸው አንዱ ይኸው ነበር። ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ፤ ወደ አዲስ አበባም ተወሰዱ። መንግሥታቸው በዚያው አበቃ።

ይህን ሁሉ በጽሑፍ ያወቅነው ከማን ነው? በዋናነት ከሁለት ሰዎች ብዕር ነው። አንደኛው የንጉሠ ነገሥቱ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ናቸው። ሁለተኛው ካሜራ ይዞ ዘመቻውን የተከተለው ፈረንሳዊው የንግድ ወኪል ቫንደርሃይም ሲሆን፣ መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1896 ፓሪስ ላይ አሳትሟል። የመጀመሪያው የጌታውን ድል መዘገበ፤ ሁለተኛው የእልቂቱን ስፋት ለአውሮፓ አንባቢ ነገረ። ተሸናፊው ንጉሥ ግን በራሳቸው እጅ የተጻፈ ቃል አልተውልንም። የእሳቸው ወገን ትረካ በአፈ ታሪክ ብቻ ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላለፈ።

የመረጃ ቁጥጥር ሲባል ብዙዎቻችን ሳንሱርን ብቻ እናስባለን። ማን እንዲናገር፣ ማን ምን ተብሎ እንዲጠራ መወሰንም ቁጥጥር ነው። የካዎ ጦና ሕዝብ እስከ ዘውዱ ሥርዓት ፍጻሜ ድረስ በመንግሥት መዝገብ የተጠራው በማይወደው ስም፣ ወላሞ ተብሎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ ቋንቋው ከጎረቤቶቹ ቋንቋዎች ጋር ተቀላቅሎ በተዘጋጀ የመማሪያ መጽሐፍ ምክንያት ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሣ፤ ሰው ሞተ፤ መጽሐፉም ተሰበሰበ።

ከዘመቻው ልክ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን፣ በአንቀጽ 26 ደግሞ በፖስታ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት እንዳይደፈር ደነገገ። ሁለቱ የማይነጣጠሉ ናቸው። ደብዳቤው በየመንገዱ እንደሚከፈት ያወቀ ሰው እውነቱን አይጽፍበትምና።

ምስጠራ የሚባለውም ከዚህ የራቀ ነገር አይደለም። ድሮ በደብዳቤ ላይ ይደረግ የነበረው ማኅተም በሒሳብ ሲሠራ ማለት ነው። መልእክቱ ከስልክዎ ሲወጣ ትርጉም ወደሌለው ምልክት ይለወጣል፤ ቁልፉ ያለው ተቀባዩ ብቻ ይፈታዋል። መሐል ላይ የቆመ ሰው ማን ለማን መቼ እንደላከ ሊያውቅ ይችላል፤ የተባለውን ግን አያነብም። ወንጀለኛም ይጠቀምበታል የሚለው ስጋት እውነት ነው። ይሁን እንጂ ወንጀለኛ በራፉን ይቆልፋል ተብሎ የቁልፍ ሽያጭ አይከለከልም።

በ2006 ዓ.ም. የታሰሩት የዞን ዘጠኝ ጦማሪያን ክስ ውስጥ እንዲህ ያለ የመረጃ ጥበቃ ሥልጠና መውሰድ ተጠቅሶ ነበር። እስከ ፍርድ የደረሱትን ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ከሽብር ክሱ ነፃ ብሏቸዋል። በሌላ በኩል ማኅተሙ ብቻውን አይበቃም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ መላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ኢንተርኔት ሲቋረጥባት የተመሰጠረውም ያልተመሰጠረውም መልእክት እኩል ቆሟል።

ካዎ ጦና ጦርነቱን የተሸነፉት አንድ ጊዜ ነው። ትረካውን ግን ሕዝባቸው ራሱ መጻፍ እስኪጀምር ድረስ በየዓመቱ ሲሸነፉ ኖረዋል። ዛሬ በሶዶም ሆነ በሌላ ከተማ ያለ ዜጋ የደረሰበትን በራሱ ቃል ለመናገር የተዘጋ ደብዳቤና የተከፈተ መንገድ ያስፈልጉታል፤ አንዱ ቢጎድል ታሪኩን የሚጽፍለት እንደገና ሌላ ሰው ይሆናል።