የማርጋሬቴ ሽታይፍ የሕይወት ታሪክ

ማርጋሬቴ ሽታይፍ እ.ኤ.አ. ጁላይ 24 ቀን 1847 በደቡብ ጀርመን ጊንገን በተባለች አነስተኛ ከተማ ተወለደች። የአንድ ዓመት ከስድስት ወር ሕፃን ሳለች ጽኑ ትኩሳት ያዛት፤ ከዚያም እግሮቿ ሽባ ሆኑ፤ ቀኝ እጇም ደከመ። በሽታው የልጅነት ልምሻ ነበር። ወላጆቿ ወደ ሐኪሞችና ወደ ፍል ውሃ ቢወስዷትም ፈውስ አላገኘችም።

ይሁን እንጂ ማርጋሬቴ የሰው እጅ ጠባቂ ሆና መኖርን አልወደደችም። ልጆች በጋሪ እየጎተቱ ትምህርት ቤት ያደርሷት ነበር። ቤተሰቧ ቢጠራጠርም የልብስ ስፌት ተማረች። የስፌት መኪናው መዘውር በስተቀኝ በመሆኑ ለደካማ እጇ አልተመቸም፤ ስለዚህ መኪናውን ወደ ኋላ አዙራ በግራ እጇ ትዘውረው ጀመር። ዚተር የተባለውን ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ በማስተማርም ገንዘብ ታገኝ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1877 ከተጠቀጠቀ የሱፍ ጨርቅ የተሰፉ ልብሶች የሚሸጡበት ሱቅ ከፈተች። ከሦስት ዓመት በኋላ በአንድ የሴቶች መጽሔት ላይ ያየችውን ንድፍ ተከትላ፣ ለመርፌ መሰኪያ የሚሆን ትንሽ ዝሆን ሰፋች፤ ውስጡንም በበግ ጠጉር ሞላችው። ዝሆኑን የወደዱት ግን ሰፊዎች ሳይሆኑ ሕፃናት ነበሩ፤ መጫወቻ አደረጉት። ማርጋሬቴም ይህን በማስተዋል ሥራዋን ወደ መጫወቻ መለሰች። ወንድሟ ፍሪትዝ ዝሆኖቹን ወደ ገበያ በማውጣት አገዛት። እ.ኤ.አ. በ1886 ብቻ ከ5,000 በላይ ዝሆኖች ተሸጡ። ውሻ፣ ድመት፣ ፈረስና ሌሎችም እንስሳት ተከተሉ።

እ.ኤ.አ. በ1897 የወንድሟ ልጅ ሪቻርድ ከድርጅቱ ጋር መሥራት ጀመረ። በ1902 እጅና እግሩ የሚንቀሳቀስ የድብ አሻንጉሊት ነደፈ። በተከታዩ ዓመት አንድ አሜሪካዊ ነጋዴ በላይፕሲግ የንግድ ትርዒት ላይ 3,000 ድቦች አዘዘ። ከዚያ በኋላ በፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የቁልምጫ ስም ቴዲ እየተባለ የሚጠራው የአሻንጉሊት ድብ በአሜሪካ እጅግ ተፈላጊ ሆነ። በ1907 ድርጅቱ 974,000 ድቦችን ሠራ።

ገበያው ሲደራ አስመሳዮች በዙ። ስለዚህም ከ1904 ጀምሮ በእያንዳንዱ አሻንጉሊት ጆሮ ላይ አንዲት የብረት ቁልፍ እንድትተከል ተደረገ፤ ገዢውም እውነተኛውን ሥራ ከአስመሳዩ በእርሷ ለየ። ማርጋሬቴ ሀብት ካገኘች በኋላም ሥራውን ለሌላ ጥላ አላረፈችም፤ የናሙናዎቹን ስፌትና ጥንካሬ ራሷ ትመረምር ነበር። ለሕፃን የሚሰጥ ነገር እንከን የሌለበት መሆን አለበት የሚል ጽኑ እምነት ነበራት።

ማርጋሬቴ ሽታይፍ እ.ኤ.አ. ሜይ 9 ቀን 1909 በ61 ዓመቷ ዐረፈች። በልጅነቷ ለቤተሰቧ ሸክም ትሆናለች ተብሎ የተፈራላት ይህች ሴት፣ ራሷን ብቻ ሳይሆን የወንድሟን ልጆችና በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ሠራተኞችን ያኖረ ድርጅት ትታ አለፈች።

መልመጃ

1. ዝሆኑ የተሰፋው ለምን አገልግሎት ነበር? በኋላስ ለምን ዋለ?
2. «ጽኑ»፣ «እንከን»፣ «አስመሳይ» የተባሉትን ቃላት በየራሳቸው ዐረፍተ ነገር አስገብታችሁ ጻፉ።
3. ችግርን በብልሃት ስላሸነፈ አንድ የአካባቢያችሁ ሰው በሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።