ፍራንክ ዎሬል፦ ደሴቶችን አንድ ቡድን ያደረገው መቺ



በዚህ እትም የምናስተዋውቃችሁ ሰው የክሪኬት ተጫዋች ነው። ክሪኬት በአገራችን እምብዛም አይታወቅም። የዚህ ሰው ታሪክ ግን ከጨዋታው አልፎ ይሄዳል። ፍራንክ ዎሬል በችሎታው የሚገባውን ኃላፊነት በቆዳው ቀለም ምክንያት ለዓመታት ተነፈገ። በመጨረሻ በእጁ ሲገባስ ምን አደረገበት? ልናወጋችሁ የፈለግነው ይህን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታውን ለማታውቁት በአጭሩ እናስረዳ። ሁለት ቡድኖች አሥራ አንድ አሥራ አንድ ሆነው ይሰለፋሉ። ወርዋሪው ኳሷን በኃይል ይወረውራል፤ መቺው ደግሞ ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች እየጠበቀ በጠፍጣፋ እንጨት ይመታታል። ኳሷ ርቃ ስትሄድ መቺውና ከማዶ የቆመው ጓደኛው ቦታ እየተቀያየሩ ይሮጣሉ፤ አንዱ ሩጫ አንድ ነጥብ ነው። መቺው ከሜዳ እስኪወጣ ድረስ ለሰዓታት ሊመታ ይችላል፤ በአንድ ተራው 100 ነጥብ ከሞላ ትልቅ ክብር ነው። አገሮች የሚገጥሙበትና ለቀናት የሚዘልቀው ግጥሚያ «ቴስት» ይባላል።

ዎሬል ኦገስት 1 ቀን 1924 ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በነበረችው በባርባዶስ ደሴት ተወለደ። በዚያው አካባቢ በአሥራ ስምንት ወር ልዩነት ውስጥ ኤቨርተን ዊክስና ክላይድ ዎልኮትም ተወለዱ። የሦስቱም ስም በእንግሊዝኛ በአንድ ፊደል ስለሚጀምር ዓለም «ሦስቱ ደብሊዩዎች» ብሎ ያውቃቸዋል። ዎሬል መጀመሪያ የታወቀው በግራ እጁ በሚወረውረው ኳስ ነበር። ብዙም ሳይቆይ መቺነቱ ጎልቶ ወጣ፤ በ1944፣ በ19 ዓመቱ፣ ባርባዶስ ከትሪኒዳድ ጋር ስትጫወት ሳይሸነፍ 308 ነጥብ አስቆጠረ።

በ1948 ለዌስት ኢንዲስ የመጀመሪያ ቴስቱን ከእንግሊዝ ጋር ሲጫወት 97 አስቆጠረ፤ ለመቶ ሦስት ብቻ ጎደለው። በቀጣዩ ግጥሚያ ግን ሳይሸነፍ 131 ሞላ። በ1950 ቡድኑ እንግሊዝ ሄዶ ባለሜዳዎቹን 3 ለ 1 ሲያሸንፍ ዎሬል በኖቲንግሃም በአንድ ተራ ብቻ 261 አስቆጥሯል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በዚያ ዘመን ክሪኬት በሁለት ዓይነት ሰዎች ይጫወት ነበር። ኑሯቸው የተደላደለው በነፃ እንጫወታለን እያሉ አማተር ተባሉ፤ በጨዋታ እንጀራቸውን የሚያበስሉት ደግሞ ባለሙያ ተባሉ። አምበልነት ባብዛኛው የአማተሮቹ ነበር። ዎሬል ባለሙያ መሆኑን አላፈረበትም። የድካሙ ዋጋ እንዲከፈለው ጠየቀ፤ የክሪኬት ቦርዱ የጠየቀውን አልከፍልም ስላለው የ1948/49 የሕንድ ጉዞ ቀረበት። ከዚያ በሰሜን እንግሊዝ፣ በላንክሻየር፣ ራድክሊፍ በተባለች ትንሽ ከተማ ክለብ ተቀጥሮ ተጫወተ። ጎን ለጎንም በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ዲግሪውን ያዘ። የትምህርትና የእንጀራ ሩጫ አብሮ ምን ያህል እንደሚከብድ ከመካከላችን የሚያውቀው ያውቀዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ዌስት ኢንዲስ አንድ አገር አይደለም። ባርባዶስ፣ ጃማይካ፣ ትሪኒዳድ፣ ጉያናና ሌሎችም በጋራ የሚያቆሙት ቡድን ነው። ከባርባዶስ እስከ ጃማይካ ብቻ ከ1,800 ኪሎ ሜትር በላይ ባሕር አለ። ተጫዋቾቹ በጎጥ ይቧደኑ ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን የአምበልነቱ ነገር ነው። ነጥቡን የሚያመጡት ባብዛኛው ጥቁሮች ሆነው ሳለ አምበሉ ዘወትር ነጭ ይሆናል። በ1948 ጆርጅ ሄድሊ የተባለው ታላቅ ጥቁር ተጫዋች አምበል ሆኖ ነበር፤ ለአንድ ቴስት ብቻ። ዎሬል ከልዩ ልዩ አገሮች የተውጣጣ ቡድን በሕንድ ሜዳዎች ላይ መርቶ ብቃቱን አሳይቷል፤ የገዛ ወገኖቹን ቡድን እንዲመራ ግን አልታጨም።

እሱ በበኩሉ ሥራውን አላቆመም። በ1957 ኖቲንግሃም ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይወጣ 191 አስቆጠረ። በ1960 መጀመሪያ ደግሞ በባርባዶስ ከአሥራ አንድ ሰዓት በላይ ሜዳ ላይ ቆይቶ ሳይሸነፍ 197 ሞላ። በዚያው ዓመት ሲ ኤል አር ጀምስ የተባለው የትሪኒዳድ ጸሐፊ በሚያዘጋጀው ጋዜጣ ላይ አምበልነቱ ለዎሬል እንዲሰጥ አጥብቆ ተከራከረ። ቦርዱም በመጨረሻ ተቀበለ፤ ዎሬል በ36 ዓመቱ አንድን ሙሉ የቴስት ውድድር የመራ የመጀመሪያው ጥቁር የዌስት ኢንዲስ አምበል ሆነ።

ሥልጣን ሲገኝ የመጀመሪያው ፈተና ቂም ነው። ከሥልጣኑ የወረደው ነጩ አምበል ጄሪ አሌክሳንደር ከዎሬል በታች ሆኖ ወደ አውስትራሊያ አብሮ ተጓዘ። ዎሬል አላገለለውም፤ እሱም አላኮረፈም። በዚያ ጉዞ አሌክሳንደር ከቡድኑ ምርጥ መቺዎች አንዱ ሆነ፤ በቴስት ዘመኑ ሁሉ ብቸኛ የሆነውን መቶውን የሞላውም በዎሬል አምበልነት ነው።

ዲሴምበር 1960 በብሪዝበን የተደረገው የመጀመሪያው ቴስት እስከ ዛሬ ይወራል። ዎሬል በሁለቱም ተራዎቹ 65፣ 65 አስቆጠረ። የመጨረሻው ዙር ስምንት ኳስ ሲጀመር አውስትራሊያ ለማሸነፍ 6 ነጥብ ይጎድላታል፤ ያልወጡ መቺዎችም ነበሯት። ሰው ሁሉ ሲርበተበት ዎሬል ረጋ ብሎ ፈጣን ወርዋሪውን ዌስ ሆልን ይመክር ነበር። ነጥቡ እኩል ከሆነ በኋላ፣ በሰባተኛው ኳስ ላይ፣ ጆ ሰለሞን ከጎን ወርውሮ እንጨቱን መታ፤ የመጨረሻው መቺም ወጣ። 737 ለ 737! በ83 ዓመት የቴስት ታሪክ በእኩል ነጥብ የተጠናቀቀ የመጀመሪያው ግጥሚያ ሆነ።

ውድድሩን አውስትራሊያ 2 ለ 1 አሸነፈች። የተሸነፈው ቡድን ግን ሲሰናበት የሜልበርን ሕዝብ ጎዳና ወጥቶ፣ ክፍት መኪና ላይ እንዳሉ በጭብጨባ ሸኛቸው። አገሪቱ ያኔ ነጭ ያልሆነ ሰው እንዳይሰፍርባት የሚከለክል ፖሊሲ ነበራት። የሁለቱ ቡድኖች ዋንጫም ከዚያ ወዲህ በዎሬል ስም ይጠራል። ተሸናፊው አምበል በስሙ ዋንጫ ተሰየመለት!

በማርች 1962 የሕንድ ቡድን አምበል ናሪ ኮንትራክተር በባርባዶስ ሲጫወት ኳስ ጭንቅላቱን መታው፤ ለሞት ተቃረበ፤ ቀዶ ሕክምናና ደም አስፈለገው። ተጋጣሚው ዎሬል ደም ከለገሱት አንዱ ነበር። ኮንትራክተርም ተረፈ። የቤንጋል ክሪኬት ማኅበር በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 3 ቀን በዎሬል ስም የደም ልገሳ ያዘጋጃል።

በ1963 ቡድኑን ይዞ እንግሊዝን በሜዳዋ 3 ለ 1 ካሸነፈ በኋላ ጨዋታ አቆመ። በ51 ቴስት 3,860 ነጥብና 9 መቶዎች አሉት። በ1964 የ«ሰር» ማዕረግ አገኘ። ጡረታ ግን አልወጣም፤ በጃማይካ የዌስት ኢንዲስ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ማደሪያ ኃላፊ፣ ኋላም በትሪኒዳድ ካምፓስ የተማሪዎች ዲን ሆነ። ከየደሴቱ የመጡ ወጣቶችን አብሮ ማኖር ለእሱ አዲስ ሥራ አልነበረም።

ማርች 13 ቀን 1967፣ በ42 ዓመቱ፣ በደም ካንሰር ሞተ። መቃብሩ በባርባዶስ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው። ለንደን በሚገኘው ዌስትሚንስተር አቢም የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ተደረገለት፤ በዚያ ቦታ እንዲህ የተደረገለት የመጀመሪያው ስፖርተኛ እሱ ነው።

ዎሬል ሙስሊም አልነበረም። እኛ አማና የምንለውን ነገር ግን በሥራው እናይበታለን። አምበልነቱን የራሱ ንብረት፣ የበቀሉም መሣሪያ አላደረገውም። እኛስ? በጀመዓችን የወሎ ልጅ ከወሎ፣ የጅማ ከጅማ፣ የሐረር ከሐረር፣ የስልጤ ከስልጤ ብቻ ተቧድነን የምንቀመጥበት ጊዜ የለም? የማኅበራችን አዲስ አመራር በምንመርጥበት ቀን፣ ለመረጡትም ላልመረጡትም እኩል አምበል የሚሆነውን ሰው እንፈልግ። ስንመረጥም ከእኛ በፊት የነበሩትን አቅፈን እንያዝ።