ምክንያትን የመዘነ ሐኪም

ስመ ጥሩ ሐኪም ኢግናዝ ዜመልቫይስ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1818 ዓ.ም. በሁንጋርያ አገር በቡዳ ከተማ ተወለደ። ነጋዴው አባቱ ሕግ እንዲማር ወደ ቪየና ቢልከው እርሱ ሕግን ትቶ ሕክምናን መረጠ። በ1846 ዓ.ም. በቪየና ታላቅ ሆስፒታል በአንደኛው የማዋለጃ ክፍል ረዳት ሐኪም ሆነ።

ሆስፒታሉ ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩት። በአንደኛው የሕክምና ተማሪዎች፥ በሁለተኛው አዋላጆች ይማሩ ነበር። በዚያ ዓመት በአንደኛው ክፍል ከ4010 ወላዶች 459 ሲሞቱ፥ በሁለተኛው ከ3754 የሞቱት 105 ብቻ ነበሩ። ገዳዩ የአራስ ትኩሳት የሚባለው በሽታ ነበር። ነፍሰ ጡሮቹም ይህን ስለሚያውቁ ወደ አንደኛው ክፍል እንዳይገቡ እያለቀሱ ይለምኑ ነበር።

ስለ ልዩነቱ የሚሰጠው ምክንያት ብዙ ነው። የከተማው አየር ተበክሏል የሚሉ ነበሩ፤ ነገር ግን ሁለቱም ክፍሎች የሚተነፍሱት አንድ አየር ስለ ሆነ ዜመልቫይስ ይህን አልተቀበለውም። መጣበቡ ነው ለሚሉትም፥ ይበልጥ የሚጣበበው ሁለተኛው ክፍል መሆኑን ተመለከተ። ልብ በሉ፤ መጣበብ ለጤና መጥፎ መሆኑ እውነት ነው። የተጠየቀው ግን ስለ ልዩነቱ ነውና፥ እውነት መሆኑ ብቻ መልስ አያደርገውም። በፈተና ወረቀትም ሆነ በመሥሪያ ቤት ስብሰባ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ይመስለናል።

አንድ ሌላ ምክንያት ደግሞ ነበር። ቄሱ የሚሞቱትን ሊያቆርብ ቃጭል እያሰማ በአንደኛው ክፍል ሲያልፍ አራሶቹ በፍርሃት ይታመማሉ ተባለ። ይህ በሐሳብ ብቻ የሚጣል አልነበረም። ስለዚህ ቄሱ ያለ ቃጭል በሌላ በር እንዲያልፍ አስደረገ፤ ሞቱ ግን አልቀነሰም።

በ1847 ዓ.ም. ወዳጁ ፕሮፌሰር ኮሌችካ ሬሳ ሲመረመር በተማሪ ቢላዋ ጣቱን ተወግቶ ሞተ። የሕመሙ ሁኔታ ከአራሶቹ ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ተማሪዎቹ ከሬሳ ምርመራ ተነሥተው ወደ ወላዶች ይሄዱ ነበር፤ አዋላጆቹ ግን ሬሳ አይነኩም። እነሆ፥ በአንደኛው ክፍል ብቻ ያለ ነገር ተገኘ። ዜመልቫይስ ሁሉም እጃቸውን ክሎሪን ባለበት ውሃ እንዲታጠቡ አዘዘ፤ በ1848 ዓ.ም. በዚያው ክፍል ከ3556 ወላዶች የሞቱት 45 ሆኑ።

የሚያሳዝነው፥ የሌላውን ምክንያት እንዲህ የመዘነ ሰው የራሱን በጊዜው ጽፎ አላቀረበም። ብዙዎቹ ታላላቅ ሐኪሞች ሳይቀበሉት በ1850 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ። መጽሐፉ የወጣው በ1861 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያም በኋላ ተቃዋሚዎቹን በግልጽ ደብዳቤ ነፍሰ ገዳዮች እያለ ዘለፈ። በ1865 ዓ.ም. በቪየና ወደ አእምሮ ሕሙማን ቤት ተወስዶ፥ በሁለት ሳምንት ውስጥ በ47 ዓመቱ ሞተ።