ጃክሊን ኬኔዲ በፓሪስ የተማሪነት ዘመናቸው

የ35ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የጆን ኬኔዲ ባለቤት ጃክሊን ኬኔዲ የፈረንሳይኛ ችሎታቸውን ያዳበሩት በተማሪነታቸው ከአንድ የፓሪስ ቤተሰብ ጋር በመኖር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1929 የተወለዱት ጃክሊን፣ በ1949 በግሬኖብል የቋንቋ ትምህርት ተከታትለው ወደ ፓሪሱ ሶርቦን ዩኒቨርሲቲ አመሩ። በተማሪዎች ማደሪያ ፋንታ የመረጡት መኖሪያ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባላቸውን በናዚ ካምፕ ያጡና ራሳቸውም ከራቨንስብሩክ ካምፕ የተረፉ ወይዘሮ ቤት ነበር። ማሞቂያ በሌለው በዚያ ቤት፣ ክረምቱን በሹራብ ተጠቅልለው አጠኑ፤ አንዱን መታጠቢያ ክፍል ከቤተሰቡ ጋር ተጋሩ።

የዚያ ዓመት ፍሬ በ1961 ታየ። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ፈረንሳይን በይፋ ሲጎበኙ፣ ጃክሊን ከፕሬዚዳንት ደ ጎል ጋር ያለ አስተርጓሚ በፈረንሳይኛ ተወያዩ። ከባህል ሚኒስትሩ ከአንድሬ ማልሮ ጋር የመሠረቱት ወዳጅነትም የሞና ሊዛ ሥዕል በ1963 በዋሽንግተን ለዕይታ እንዲቀርብ አስችሏል።

ጃክሊን በ1994 በ64 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።