ካርል ቴርዛጊና የታመቀው ውሃ

ከአሰላ በስተምሥራቅ፣ በአርሲ ሮቤ አካባቢ የሚገኘው ጥቁር ሸክላማ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በእንዲህ ያለው አፈር ላይ መንገድ ወይም ቤት የሚሠራ መሐንዲስ ሁሉ፣ ስማቸውን ቢያውቅም ባያውቅም፣ የካርል ቴርዛጊ ደቀ መዝሙር ነው።

ቴርዛጊ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1883 ዓ.ም. በፕራግ ከተማ ተወለዱ። በግራትስ ምሕንድስና ተምረው በልዩ ልዩ አገሮች በግንባታ ሥራ ሲሠማሩ፣ የብዙ መሠረቶችና ግድቦች ጥፋት የአፈር ጠባይ አለመታወቁ መሆኑን ተገነዘቡ። በ1916 በኢስታንቡል ማስተማር ጀመሩ። በዚያም ራሳቸው ባሰናዷቸው ቀላል መሣሪያዎች ሸክላ አፈርን እየጨመቁ ለዓመታት መረመሩ፤ ውጤቱንም በ1925 በመጽሐፍ አወጡ።

ያረጋገጡት እውነት ይህ ነው፦ በውሃ በራሰ አፈር ላይ የተጫነውን ክብደት የአፈሩ ቅንጣቶችና በመካከላቸው ያለው ውሃ ይካፈሉታል። ውሃው ሾልኮ ሲወጣ ሸክሙ ወደ ቅንጣቶቹ ይተላለፋል፤ አፈሩም ይጠነክራል። መውጫ ካጣ ግን ሸክሙን ውሃው እንደ ተሸከመ ይቀራል።

አሳቡ ያለ ተቃውሞ አላለፈም። በ1936 በቪየና የሥራ ባልደረባቸው ፓውል ፊሉንገር ብርቱ ነቀፋ አሳተሙ። ጉዳዩን እንዲመረምር የተሰየመው ኮሚቴ ለቴርዛጊ ፈረደ። ፊሉንገርና ባለቤታቸውም በ1937 ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ። የፊሉንገር ስሌት ዋጋ የታወቀው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ነዳጅ ፈላጊዎች ይህንኑ ሕግ በጥልቅ ምድር አገኙት። በ1 ኪሎ ሜትር ጥልቀት የውሃ ግፊት እንደ ወትሮው 100 ከባቢ አየር ያህል ነው። ደለል በፍጥነት ሲከማች ግን ሸክላው ውሃውን ሳይለቅ ይቀበራል፤ ግፊቱም ከልኩ ያልፋል። እንዲህ የታመቀ ሸክላ ከሥሩ ለተጠራቀመው ዘይትና ጋዝ ጽኑ ክዳን ይሆናል። ግፊቱ ዐለቱን እስከ መሰንጠቅ ከደረሰ ደግሞ ክዳኑ ይከፈታል፤ ሀብቱም ያመልጣል። በቂ ክብደት ያለው የቁፋሮ ጭቃ ሳያዘጋጅ የሚቆፍርም ሕይወቱን ለአደጋ ይሰጣል።

ቴርዛጊ በ1963 በአሜሪካ አረፉ። ከአርሲ ደጋ ግርጌ፣ በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል በሚገኘው በአሉቶ፣ በ1980ዎቹ የእንፋሎት ጕድጓዶች ተቆፈሩ፤ ከእነርሱም ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ የጠለቁ አሉ። በዚያ ዐለቱ እሳተ ገሞራ የወለደው፣ ኃይሉም የሙቀት ነው፤ ሸክላና ደለል አይደለም። ቢሆንም ቆፋሪው አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፦ ከታች ያለው ውሃ ምን ያህል ግፊት ይዞ ይጠብቃል?